ኢዙሞን ፍለጋ፦ አንድ አንቲቦዲ የሚታመነው መቼ ነው?

የአንድ ስፐርም ጭንቅላት ርዝመቱ 5 ማይክሮን ገደማ ነው። በዚያች ጭንቅላት ላይ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ፣ ኢዙሞ1 የሚባል ፕሮቲን ብቅ ይላል። ይህ ፕሮቲን የሌለው የአይጥ ስፐርም እንደ ጓደኞቹ ይዋኛል፣ እንቁላሏ ጋ ይደርሳል፣ ዞና የሚባለውን ወፍራም የውጭ ሽፋኗን ሰርስሮ ያልፋል። ከዚያ ግን እንቁላሏን እየነካካ እዚያው ይቀራል። አይዋሃዱም። ተራው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ይህን ጉድለት አያየውም፤ ቁጥሩም፣ እንቅስቃሴውም፣ ቅርጹም ደህና ነውና።

ኢዙሞ1ን የምናየው በአንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት እንግዳ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደግሞ የምንፈልገውን ፕሮቲን የሚይዝልንን አንቲቦዲ እናሠራለን ወይም እንገዛለን፤ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ሁለተኛ አንቲቦዲ እንጨምርበታለን፤ ክፍሉን አጨልመን በማይክሮስኮፕ እናያለን። አረንጓዴ ከበራ ፕሮቲኑ አለ እንላለን። ሥራዬ ይኸው ነው፣ የተቀባ ስላይድ ማየት። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁትም አረንጓዴ በርቶ ስናይ ፕሮቲኑ አለ ለማለት ምን ያህል መብት እንዳለን ነው። በስፐርም ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላው ሕዋስ ሁሉ ይከብዳል።

የሚያስጨንቀኝ ለሳይንሱ ብቻ ብዬ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ትዳር ከያዘ ቆይቷል፣ ልጅ ግን አልመጣም። እሱ ተመረመረ። ውጤቱ “ጤነኛ” ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤተሰቡ ውስጥ ነገሩ እንደተቋጨ ተቆጠረ። አክስቴ ስልክ ደውለው “እሱማ ተመርምሮ ነጻ ወጥቷል፤ እንግዲህ የቀረችው እሷ ናት” አሉኝ። እኔም “አክስቴ፣ ያ ምርመራ እንዲህ አይልም” ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። “ላብራቶሪው ራሱ ጽፎ ሰጥቶት የለም እንዴ?” አሉኝ። አንዲት ወረቀት የሚስትየዋ ፍርድ ሆነች።

ያቺ ወረቀት ምን ትላለች? የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ2021 በወጣው ስድስተኛ እትሙ (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዝቅተኛ መነሻ ብሎ ያስቀመጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከእነዚያም 42 በመቶው የሚንቀሳቀሱ፣ 4 በመቶው ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው ይሁኑ ነው። ቁጥሮቹ የተወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቶቻቸው ከፀነሱላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነሱ መካከል የመጨረሻዎቹን 5 በመቶ የሚለይ መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ መሆን ስፐርሙ ከእንቁላል ጋር መዋሃድ ይችላል ማለት አይደለም። ማንም ያንን አልፈተሸውም። ያው ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ መካንነት ያጋጥመዋል፤ ከጥንዶቹ ግማሽ ያህሉ ዘንድ ደግሞ የወንዱ ችግር አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። እነዚህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም።

ስለዚህ መዋሃድን የሚያሳይ ምርመራ ቢኖር ደስ ይለኛል። ኢዙሞን የሚይዝ አንቲቦዲ በእጃችን ስላለ ነገሩ ቅርብ ይመስላል። ቅርብ አለመሆኑን የተረዳሁት ኢዙሞ ራሱ የተገኘበትን ታሪክ ስከታተል ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አልፎ ማሳሩ ኦካቤና ባልደረቦቹ አይጦችን በአይጥ ስፐርም ከትበው ብዙ አንቲቦዲዎች አወጡ። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፦ ከተከተበው አይጥ ጣፊያ የተወሰደ አንቲቦዲ አምራች ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር ይዋሃዳል፤ ከሁለቱ የተገኘው ሕዋስ አይሞትም፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ ያመርታል። ይህን ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ፈጠሩት፣ በ1984 ከኒልስ ያርነ ጋር ለኖቤል አበቃቸው። ኦካቤ ካወጧቸው አንዱ ኦቢኤፍ13 ተባለ። ይህ አንቲቦዲ ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛ፣ ትኩስ ስፐርም ላይ አይበራም፤ ጭንቅላቱ ላይ ያለው የአክሮዞም ቆብ ሲፈነዳ ብቻ ይበራል። ሁለተኛ፣ ዞናዋ በተገፈፈ እንቁላል ላይ ስፐርም ሲጨመር መዋሃዱን ያግዳል። ሁለት ሕዋሳትን በማዋሃድ የተሠራ መሣሪያ የሁለት ሌሎች ሕዋሳትን መዋሃድ የሚመራውን ፕሮቲን ማግኘቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ግን ኦቢኤፍ13 የሚይዘው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። አንቲቦዲው በእጅ አለ፣ የሚይዘው ነገር ስም የለውም። ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላ ሲል ናኦካዙ ኢኖዌ የስፐርሙን ፕሮቲኖች በጄል ላይ በሁለት አቅጣጫ ዘርግቶ፣ አንቲቦዲው የያዘውን ነጥብ ቆርጦ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር (ፕሮቲንን በቁራጮቹ ክብደት በሚለይ መሣሪያ) ፈተሸው። በ2005 ታተመ። በጃፓን ሺማኔ ግዛት ባለው የኢዙሞ የጋብቻ አማልክት መቅደስ ስም ኢዙሞ ብለው ጠሩት።

የማከብረው ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ሠሩ። ሴቶቹ ወለዱ። ወንዶቹ ግን መካን ሆኑ። የስፐርሞቻቸው ቁጥርና እንቅስቃሴ ደህና ነበር፤ ዞናውን አልፈው በሽፋኑና በእንቁላሏ መካከል ተከማችተው ተገኙ። ያንኑ ስፐርም በመርፌ ወስደው በቀጥታ እንቁላል ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ ጤነኛ ግልገሎች ተወለዱ። የጎደለው የመዋሃዱ እርምጃ ብቻ ነበር ማለት ነው። እናም ኢዙሞን የሚይዝ አንቲቦዲ በእነዚህ አይጦች ስፐርም ላይ ምንም አላገኘም። ከሁሉም በላይ የምጠቅሰው ይህችን ነው፤ ፕሮቲኑ በሌለበት አንቲቦዲው ጨለመ። ብርሃኑ ቃሉን የጠበቀው ያኔ ነው።

ያ ባይሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ቀደም ያለ ታሪክ አለ፣ በዚህ ዘርፍ ላለን ሁላችንም ትምህርት ይሆናል። ፖል ፕሪማኮፍና ዳያና ማይልስ በ1980ዎቹ የጊኒ ፒግ ስፐርም ላይ ፒኤች-30 የሚባል አንቲቦዲ አወጡ። እሱም መዋሃድን ያግድ ነበር። በ1992 የሚይዘው ፕሮቲን ታወቀ፣ ፈርቲሊን ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የስፐርምና የእንቁላል መዋሃጃው ይኸው ነው ተብሎ ተጻፈ። በ1998 የፈርቲሊን ቤታ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ተሠሩ። ወንዶቹ በእርግጥ መውለድ አቃታቸው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፦ ስፐርማቸው በማህፀን ቱቦ መውጣት አልቻለም፣ ዞናውንም መያዝ አልቻለም። ዞና ከሌላት እንቁላል ጋር ሲገናኙ ግን፣ ቢቀንስም፣ ተዋሃዱ። ፕሮቲኑ ለመዋሃድ የግድ የሚያስፈልግ አልነበረም። አክሮሲን የሚባለው ኢንዛይምም እንዲሁ ዞናውን የሚሰረስረው እሱ ነው እየተባለ ቆይቶ፣ በ1994 እሱ የሌላቸው አይጦች ወለዱ።

አንቲቦዲው ዋሽቶ አልነበረም። ፒኤች-30 ፈርቲሊንን በትክክል ይይዝ ነበር። ግን አንቲቦዲ ትልቅ ሞለኪውል ነው፤ በአንድ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ አጠገቡ ያለውን ሌላውንም ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ አንቲቦዲ ጨምረን አንድ ነገር ሲቆም “ይህ ፕሮቲን ነው የሚሠራው” ማለት ገና አልፀደቀም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦ አንቲቦዲው የያዘው የምንለውን ነው ወይ፣ የያዘው ነገርስ የምንለውን ይሠራል ወይ። በኢዙሞ ሁለቱም በአንድ ዓይነት አይጥ ተመለሱ። ያ ዕድል በሰው የለንም።

የኦሳካ ቡድን ለሰው ኢዙሞ ለብቻው ሌላ አንቲቦዲ አዘጋጅቷል። በጄል ላይ የአይጡ ኢዙሞ 56 ኪሎ ዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወጣ፣ የሰዉ 37 አካባቢ ነው። የሰው ስፐርም በሰው እንቁላል ላይ ለሙከራ መጨመርን ሥነ ምግባርም በብዙ ቦታ ሕግም ይገድቡታል፤ ስለዚህ የተጠቀሙት የሃምስተር እንቁላል ነው። ሪዩዞ ያናጊማቺ በ1976 እንዳሳዩት ዞናው የተገፈፈለት የሃምስተር እንቁላል የሰውን ስፐርም ይቀበላል። ፀረ ኢዙሞ አንቲቦዲ ሲጨመር ስፐርሙ ሃምስተሯ እንቁላል ላይ ተጣበቀ፣ መዋሃዱ ግን ቆመ። ጠንካራ ምልክት ነው። ከፈርቲሊን በኋላ ግን “ምልክት” ከሚለው አልፌ መሄድ አልፈልግም።

አሁን ወደ ስላይዱ ልመለስ፤ ጭንቀቱ ያለው እዚያ ነው።

የገበያ ካታሎጎች ኢዙሞ1ን “የስፐርም የውጭ ገጽ ፕሮቲን” ብለው ያስተዋውቃሉ። የትኛው ስፐርም? መቼ? ትኩስ ስፐርም ላይ ኢዙሞ ከውጭ የለም፤ በአክሮዞም ቆቡ ሥር ተደብቋል። ስፐርሙ በሴቷ አካል ውስጥ ወይም በ37 ዲግሪ በኢንኩቤተር ለሰዓታት ይበስላል፣ ከዚያ ቆቡ ይፈነዳል፣ ኢንዛይሞቹ ይፈሳሉ፣ ኢዙሞም ወደ ጭንቅላቱ ወገብ ይፈልሳል። በመጨረሻ እንቁላሏን የሚነካውም ያ ወገብ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅጽበት “የውጭ ገጽ” የሚባለው ቀድሞ ውስጥ የነበረው ነው።

ይህ ማለት አንቲቦዲው የሚሰጠን መልስ ስፐርሙን እንዴት እንዳዘጋጀነው ይወሰናል። በሜታኖል ካደረቅነው ሽፋኑ ይቀደዳል፣ አንቲቦዲው ይገባል፣ ሁሉም ስፐርም ያበራል፤ ቆቡ ያለውም የሌለውም። በሕይወት እያለ ካቀረብንለት ግን ቆባቸውን የጣሉት ብቻ ያበራሉ። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ውጤት ያየ ሰው አንቲቦዲው ተበላሽቷል ሊል ይችላል። አልተበላሸም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ የጠየቁት ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የኦቾሎኒ ሌክቲን ወይም ሌላ የአክሮዞም ቀለም ሁልጊዜ አብሬ አስገባለሁ፤ ቆቡ ያለበትን ስፐርም ከሌለበት ካልለየሁ የኢዙሞው አረንጓዴ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ሌላው የሞተው ስፐርም ነው። በማንኛውም ናሙና ውስጥ የሞቱ አሉ፤ መመሪያውም ቢሆን ከ54 በመቶ በላይ በሕይወት ካለ በቂ ይለዋል። የሞተ ስፐርም ሽፋኑ ስለሚላላ አንቲቦዲን ሁሉ ያጣብቃል፣ የትኛውንም፣ ለኢዙሞ የተሠራውንም ያልተሠራውንም። ጭንቅላቱ ያበራል፣ የአንገቱ ክፍል ያበራል። ዓይን ደግሞ የሚፈልገውን ያያል። ሕያው ከሙት የሚለይ ቀለም ሳይገባ የተነሣ ፎቶ በጽሑፍ ላይ ባየሁ ቁጥር ወደኋላ እላለሁ። ነጭ የደም ሕዋሳትም የዘር ፈሳሽ ውስጥ ሲገኙ የአንቲቦዲን ጅራት የሚይዙ ተቀባዮች ስላሏቸው ያበራሉ። እነዚህን ሁሉ የሚያጋልጠው በአጠገቡ የሚቀመጥ ሌላ ስላይድ ነው፦ በተመሳሳይ መጠን ከተመሳሳይ እንስሳ የተወሰደ፣ ኢዙሞን ግን የማይይዝ አንቲቦዲ የተቀባ። እሱ ከበራ፣ የመጀመሪያው መብራቱ ምንም አይነግረኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይኸኛው ነው። ጉበትም ኩላሊትም ላይ የሚሠራ ሰው አንቲቦዲውን ሊያረጋግጥ ከፈለገ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ጂኑን ያጠፋል፣ ፕሮቲኑ ሲጠፋ ብርሃኑም ይጠፋ እንደሆነ ያያል። ስፐርም ይህን አይቀበልም። ዲኤንኤው ተጠቅልሎ ተቆልፏል፣ ጂን አያነብም፣ አዲስ ፕሮቲን አይሠራም። በእጃችን የገባ ስፐርም ላይ ምንም ማጥፋት አይቻልም፤ የሚሸከመው ሲሠራ ይዞት የወጣውን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ አይጥ አይደለም፣ ኢዙሞ የሌለው ወንድ አንሠራም። ስለዚህ “በሌለበት ይጨልማል?” የሚለው ጥያቄ በሰው ስፐርም ላይ ቀጥታ መልስ የለውም። በአቋራጭ ነው የምንሄደው፦ የኩላሊት ሕዋሳት ተወስደው፣ ግማሾቹ የሰው ኢዙሞ ጂን ይሰጣቸዋል፣ ግማሾቹ ባዶ ይቀራሉ። አንቲቦዲው ጂኑን የተቀበሉትን ብቻ ካበራ አንድ እርምጃ ነው። ሁለተኛ፣ የፕሮቲኑን ሌላ ክፍል የሚይዝ የተለየ አንቲቦዲ ተወስዶ ሁለቱ በአንድ ቦታ ይበራሉ ወይ ይባላል። ሦስተኛ፣ አንቲቦዲው ከስፐርም ጠርጎ ያመጣውን በማስ ስፔክትሮሜትር መርምሮ በእርግጥ ኢዙሞ ከሆነ ማየት ነው። የአንቲቦዲ ማረጋገጫ ዓለም አቀፍ ቡድን በ2016 ያወጣቸው አምስት መንገዶች ውስጥ እነዚህም አሉ። ከአምስቱ ሦስቱን ለማሟላት ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙዎች አያደርጉትም።

ለምን አያደርጉትም? ሻጩ አድርጎታል ብለው ስለሚያምኑ ይመስለኛል። እኔም ከካታሎጉ ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ሲያዩ ደስ የሚላቸውን ሰዎች እረዳለሁ። ችግሩ ያ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የእኔን ጥያቄ አይመልስም። ለምሳሌ ብዙዎቹ አንቲቦዲዎች ጥንቸል በትንሽ የኢዙሞ ቁራጭ ተከትባ የተገኙ ናቸው። ቁራጩ ተዘርግቶ ጄል ላይ ሲቀመጥ ያውቁታል፤ ሙሉው ፕሮቲን ስፐርሙ ላይ ተጣጥፎ ቅርጹን ይዞ ሲቆም ግን ያ ቁራጭ ወደ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ጄል ላይ የሚሠራ ሕያው ስፐርም ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። ደግሞም ጥንቸሏ ስትሞት ያ ደም አብሯት ያልቃል። ቀጣዩ ብልቃጥ፣ በተመሳሳይ ካታሎግ ቁጥር፣ ከሌላ ጥንቸል የመጣ ሌላ ድብልቅ ነው። በ2015 አንድሪው ብራድበሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን ከ110 ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን በይፋ አነሡ፣ አንቲቦዲዎች ቅደም ተከተላቸው ታውቆ በጂን የሚመረቱ ይሁኑ ብለው ጠየቁ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። እስከ አሁን በመላው ዓለም ተግባራዊ አለመሆኑ ያሳዝነኛል፤ በተለይ እንደኛ አገር ባሉ ቦታዎች አንድ ብልቃጥ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በረዶ ላይ ሆኖ በጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ የሚከፈለውን ለሚያውቅ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የስፐርም አንቲቦዲ ሁሉ አጠራጣሪ ነው እያልኩ አይደለም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ኸርና ባልደረቦቹ አክሮዞም ውስጥ ባለ ኤስፒ-10 በሚባል ፕሮቲን ላይ የሠሩት አንቲቦዲ አለ። እያንዳንዱ ስፐርም ይህን ፕሮቲን ስለሚሸከም ብዛቱን በማየት የስፐርሙን ቁጥር መገመት ይቻላል። ከዚያ ተነሥቶ ወንዶች ከቫዜክቶሚ (የዘር ቱቦን ከመቁረጥ ቀዶ ሕክምና) በኋላ በቤታቸው የሚጠቀሙት መመርመሪያ ተሠራ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 ፈቀደው። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስፐርም ስንት አለ? ለዚህ ጥያቄ መልሱን በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ ማመሳከር ይቻላል። መታመኑ የመጣው ከዚያ ነው። ወንጀል ምርመራ ውስጥም የሰው ስፐርም ጭንቅላትን ለይቶ የሚያበራ አንቲቦዲ ለተደፈሩ ሴቶች ማስረጃ ፍለጋ ያገለግላል፤ ከብዙ ሺህ የሴቷ ሕዋሳት መካከል ጥቂት ስፐርሞችን ማግኘት በዓይን ሰዓታት ይፈጃል። እዚያ በስህተት የበራ ብርሃን የሰው ነጻነት ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ ባለሙያው ያበራውን ሕዋስ በቅርጹም አይቶ ነው የሚያረጋግጠው።

የኢዙሞ ጥያቄ ግን “ስንት” አይደለም፣ “መዋሃድ ይችላል?” ነው። በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች በከባድ መካንነት የሚቸገሩ ወንዶችን ስፐርም ለኢዙሞ መረመሩ። የሚጠብቁት ምክንያታዊ ነበር፦ አይጡ ኢዙሞ ሲጎድለው መካን ይሆናል፣ ከእነዚህ ወንዶች አንዳንዶቹ ላይም ይጎድል ይሆናል። ኢዙሞ ተገኘባቸው። አለ። ይህ ውጤት ስለ እኔ ሥራ ብዙ ይነግረኛል። ፕሮቲኑ መኖሩ ሥራውን መሥራቱን አያሳይም፤ አንዲት አሚኖ አሲድ ብትቀየር ከእንቁላሏ ጋር መያያዝ ሊያቅተው ይችላል፣ አንቲቦዲው ግን የሚይዘው በሌላ ቦታ ስለሆነ እንደ ልማዱ ያበራል። በዚህ ምክንያት በኢዙሞ አንቲቦዲ ላይ ተመሥርቶ የወንድ መካንነት ምርመራ ለገበያ ቢቀርብ፣ “አዎንታዊ” ውጤት ያ የአክስቴ ቤት ወረቀት ዳግመኛ እንዳይሆን እፈራለሁ። ሌላ “ጤነኛ” የሚል ማህተም፣ ሌላ ነጻ የወጣ ባል፣ ሌላ በጥርጣሬ የምትታይ ሚስት። ከዚያ ደግሞ እንደ ሳይንስ ይቆጠራል።

ምርመራው ቢኖር ለምን ይጠቅም ነበር? ለእነሱ ባልና ሚስት በጣም ይጠቅም ነበር። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ያለው ዓይነት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ውስጥ ስፐርሙንና እንቁላሉን በሳህን ላይ አብሮ ማኖርም፣ አንድ ስፐርም በመርፌ ወደ እንቁላሉ ማስገባትም ይቻላል። የመዋሃድ ችግር ያለበት ስፐርም በሳህኑ ላይ ይከሽፋል፣ በመርፌ ግን ይሠራል፤ አይጦቹ ያንን አሳይተዋል። ቀድሞ ቢታወቅ አንድ የከሸፈ ዙር ይቀራል። እያንዳንዱ ዙር ለሴቷ መርፌ፣ ሆርሞን፣ ገንዘብና የተሰበረ ተስፋ ነው። ዛሬ ይህ የሚታወቀው ዙሩ ከከሸፈ በኋላ ነው፣ በእሷ ሰውነት ላይ።

እንቁላሏ በኩል ያለው ታሪክም እዚህ ይገባል። ኢዙሞ ከተገኘ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት የሚይዘው የእንቁላሏ ፕሮቲን ሳይታወቅ ቆየ። በካምብሪጅ አጠገብ ባለው ሳንገር ተቋም ኤንሪካ ቢያንኪና ጋቪን ራይት ኢዙሞን ራሱን መፈለጊያ አደረጉት፤ አንድ ለአንድ ሲያያዝ ደካማ ስለሆነ ብዙ ኢዙሞዎችን አንድ ላይ አሰሩና እንቁላል ላይ አቀረቡት። በ2014 መልሱ መጣ። ፎሌት ተቀባይ ይመስል የነበረ ፕሮቲን ሆነ፣ ጁኖ አሉት። ጁኖ የሌላቸው ሴት አይጦች መካን ሆኑ። ከተፀነሰች በኋላ እንቁላሏ ጁኖን ከላይዋ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ አራግፋ ትጥላለች፤ ሁለተኛ ስፐርም እንዳይገባ ከሚያግዙት አንዱ ይህ እንደሆነ ይታሰባል። በዓመቱ ደግሞ የሃምስተር ጁኖ የሰውን ኢዙሞ እንደሚይዝ አሳዩ፣ ያናጊማቺ ከአርባ ዓመት በፊት ያዩት ነገር ማብራሪያ አገኘ። በ2016 ሁለት ቡድኖች ኢዙሞና ጁኖ ተያይዘው ያላቸውን ቅርጽ በክሪስታል አወጡ።

ይህም ብቻውን አልበቃም። የኩላሊት ሕዋሳት ኢዙሞ ተሰጥቷቸው እንቁላል ላይ ሲቀመጡ ተጣበቁ፣ ግን አልተዋሃዱም። ሌላ ነገር ይጎድላል ማለት ነው። በ2024 ቪየና ካለው የሞለኪውላር ፓቶሎጂ ምርምር ተቋም አንድሪያ ፓውሊና ባልደረቦቿ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየውን አልፋፎልድን ተጠቅመው በስፐርሙ ላይ ኢዙሞ1፣ ስፓካ6 እና ቲኤምኢኤም81 አንድ ላይ ተጣምረው እንደሚቆሙ አገኙ። ኮምፒዩተሩ ሲል ብቻ አላመኑትም፤ የሦስተኛውን ጂን በዜብራ ዓሣም በአይጥም አጠፉ፣ ወንዶቹ መካን ሆኑ። እንደገና ያው መንገድ ነው፦ ማጥፋት፣ ከዚያ ማየት።

ስለዚህ አሁን የሰው ስፐርም ላይ አንቲቦዲ የማነሣ ከሆነ ኢዙሞን ለብቻው መፈለግ ጊዜው ያለፈበት ይመስለኛል። ሦስቱ አንድ ላይ አሉ ወይ፣ ቆቡን በጣለ፣ በሕይወት ባለ ስፐርም ወገብ ላይ፣ እርስ በርስ በሚነካኩበት ርቀት? ለዚህ ሦስት አንቲቦዲዎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ጂኑን ባልተቀበለው ባዶ የኩላሊት ሕዋስ ላይ ጨለማ ሆነው መገኘት አለባቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም የታወቀ መሆን አለበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ብልቃጥ እንድናገኝ። ከዚያ በኋላ ከከሸፈ የሳህን ዙር በፈቃድ የተለገሰን ስፐርም ከተዋሃደው ጋር ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የአክስቴ ልጅና ሚስቱ ናሙናቸውን ለእንደዚያ ዓይነት ጥናት ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው፤ አክስቴም ስልኩን ሲያነሱ አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ሁለቱም ነው።